የመጀመሪያውን አስትሮይድ ያገኙት አባ ጁሴፔ ፒያዚ

በዚህ እትም የአባ ጁሴፔ ፒያዚን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጁሴፔ በ1746 በሰሜን ጣሊያን ተወለዱ። ካደጉ በኋላ የካቶሊክ ካህን ሆኑ፤ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማም ሒሳብ አስተማሩ። እዚያ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሲቋቋም ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። ዋናውን መለኪያ መሣሪያ ያሠሩት ለንደን ድረስ ሄደው ነው።

ሥራቸው ምን መሰላችሁ? የከዋክብትን ቦታ እየለኩ መመዝገብ። አንዱን ኮከብ አንዴ ለክተው አይተዉትም፤ በሌላ ሌሊት ደግመው ይለኩታል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ማታ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ መዘገቡ። በማግስቱ ሲለኳት ቦታዋን ቀይራለች። በሦስተኛውም ሌሊት እንደዚያው። ኮከብ ደግሞ እንዲህ አይሄድም! መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ ናት ብለው አሳወቁ፤ ግን ጅራት ስላልነበራት ሌላ ነገር ልትሆን እንደምትችል ጠርጥረው ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ ታመሙና ክትትሉን አቋረጡ። ነጥቧም ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ስለተጠጋች ጠፋች። የተለካችው በ41 ቀን ውስጥ ብቻ ስለሆነ ተመልሳ የት እንደምትታይ ማን ይወቅ? ያኔ ጋውስ የሚባል የ24 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት የአባ ጁሴፔን ልኬቶች ይዞ መንገዷን በሒሳብ አሰላ። በዓመቱ መጨረሻ ተመራማሪዎች እሱ ባመለከተው አካባቢ ሲፈልጓት ተገኘች!

ስሟ ሴሬስ ነው፤ ያወጡላትም አባ ጁሴፔ ናቸው። በማርስና በጁፒተር መካከል ሆና ፀሐይን በ4.6 ዓመት አንዴ ትዞራለች። ከዳር እስከ ዳር 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በዚያ አካባቢ ካሉት አስትሮይዶች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። አንድ ቀኗ 9 ሰዓት ብቻ ነው። ከ2006 ጀምሮ ድንክ ፕላኔትም ትባላለች።

ንጉሡ ለአባ ጁሴፔ የወርቅ ሜዳሊያ ሊያሠሩላቸው ሲያስቡ እሳቸው ግን ገንዘቡ ቴሌስኮፕ እንዲገዛበት ጠየቁ። በ1826 በኔፕልስ ከተማ አረፉ። 1000ኛው አስትሮይድም በስማቸው ፒያዚያ ተብሏል።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ያ ሁለተኛው ሌሊት ነው። አንዴ ለክቻለሁ ብለው ቢተዉት ኖሮ ሴሬስ እንደ ተራ ኮከብ ተመዝግባ ትቀር ነበር። እኛም ፈተና ላይ መልሳችንን ሳናይ ወረቀት ለመስጠት ስንቸኩል እሳቸውን እናስታውስ።