ጉሙን የገራው ሰው፦ ዊሊስ ካሪየር

መስከረም ላይ ከእረፍት ወደ ግቢ ስመለስ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፍሬ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ መሬቱ ይተናል፣ ሸሚዛችን ከጀርባችን ጋር ተጣብቋል። ገብተን እንደተቀመጥን ከራሳችን በላይ ካለው የአየር ማስወጫ ነጭ ነገር እየተግተለተለ መውጣት ጀመረ። አጠገቤ የነበሩት እማማ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ደጋ የሚመለሱ ነበሩና ደንግጠው አማተቡ፤ እየተቃጠልን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን ልናገርና ከእሳቸው ባልተናነሰ ደንግጫለሁ። አስተናጋጇ ግን ፈገግ ብላ ጉም እንጂ ጭስ አለመሆኑን አስረዳችን። በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ሲነሳ ለካ እውነቷን ነው፣ ነጩ ነገር ድራሹ ጠፋ።

በዚህ ሴሚስተር የአንድ የታወቀ ሟች ሰው ሕይወት፣ ጥቅስ ሳንጠቀም እንድንጽፍ ስንታዘዝ አብዛኞቹ ጓደኞቼ መሪ ወይም ደራሲ መረጡ። እኔ ያንን ጉም ይዤ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ያገኘሁት ሰው ስሙ እስከ ዛሬ በማቀዝቀዣ ማሽኖች ላይ ተለጥፎ የሚሸጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር ነው።

ካሪየር እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1876 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አንጎላ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደ። (አንጎላ ሲባል የኛዋ አፍሪካዊት አንጎላ እንዳትመስላችሁ።) ቤተሰቡ ገበሬ ነው፤ እሱም ያለ ወንድም ያለ እህት ብቻውን ያደገ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ክፍልፋይ አልገባው ብሎ ሲቸገር እናቱ ፖም አስመጥተው በቢላ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየቆራረጡ አስረዱት። ትልቁን ችግር ቆራርሶ ማየትን የተማረው ያኔ እንደሆነ ካደገ በኋላ ያስታውስ ነበር። እናቱ ግን ብዙ አልቆዩለትም፣ 11 ዓመት ሲሞላው ሞቱ።

ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ተንኮታኩቶ ስለነበር በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት አልቻለም። የተወሰኑ ዓመታት አስተማሪ ሆኖ ከሠራ በኋላ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነጻ ዕድል ማለት ሙሉ ወጪ ማለት አይደለም፤ የሰው ምድጃ እየጠበቀ፣ ሣር እያጨደ፣ የተማሪ ልብስ እየሰበሰበ በማሳጠብ ነው ራሱን ያኖረው። በ1901 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀና ቡፋሎ ፎርጅ በሚባል ኩባንያ በሳምንት 10 ዶላር ደመወዝ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው ደግሞ ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማሞቅ ነበር፤ እንጨትና ቡና የሚያደርቅ የሞቀ አየር ሥርዓት መንደፍ።

አሁን ወደ እኛ ሙያ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ውስጥ ሳኬት ዊልሄልምስ የሚባል ማተሚያ ቤት ከክረምት ዝናብ ያልተናነሰ ጣጣ ገጠመው። ጀጅ የተባለውን ባለቀለም መጽሔት ያትማል። ያኔ ቀለም የሚታተመው በየተራ ነው፣ ወረቀቱ መጀመሪያ አንዱን ቀለም ያገኝና ደርቆ ለቀጣዩ ይመለሳል። በበጋው ወበቅ ግን ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ይለጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ሁለተኛው ቀለም የመጀመሪያው ላይ በትክክል አይቀመጥም። ምስሉ ይዛባል፣ የታተመው ይጣላል፣ መጽሔቱ ቀኑን ያልፋል። ጋዜጠኛ ለሚሆን ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የ25 ዓመቱ ካሪየር መላ ፈልግ ተባለ። ንድፉ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1902 ነው። የቀዘቀዘ ውኃ በሚሄድባቸው ቱቦዎች ላይ አየር በማራገቢያ እንዲያልፍ አደረገ፤ ከአየሩ ውስጥ ያለው ውኃ ቱቦው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ግቡ የክፍሉን እርጥበት ዓመቱን ሙሉ 55 ከመቶ ላይ ማቆም ነበር። የማቀዝቀዝ ኃይሉ በቀን 49 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ በረዶ ከማቅለጥ ጋር እኩል ነው። እግረ መንገዴን ያስገረመኝን ልንገራችሁ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንግሊዞች በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲከራዩ የፈቀዱበት ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 ነበር። ከዚያ ጣቢያ የኛ ጋምቤላ ወጣች። ከተማችንና ኤሲ በሁለት ወር ልዩነት ወረቀት ላይ ሰፈሩ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አሉኝ። አጎቴ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። አምና ክረምት የአንድ ትምህርት ቤት ፈተና ሊያባዙ ቀብድ ተቀበሉ። ወረቀቱ ከደስጣው ሲወጣ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል፣ ማሽኑ በየደቂቃው ይይዛል። አጎቴ ማሽኑ ሙቀት አልቻለም ብለው ተበድረው ኤሲ አስገጠሙ። ሪሞቱን 16 ላይ፣ ፋኑን መጨረሻ ላይ አደረጉት፤ ደንበኛ እንዲገባ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ወረቀቱ ባሰበት! ሥራው በቀኑ አልደረሰም፣ ቀብዱን መለሱ፣ የኤሲው ዕዳ ቀረ። ያን ጊዜ ምክንያቱን ብጠየቅ እኔም ማሽኑን ነበር የምሳደበው።

መልሱ ያለው ካሪየር ከማተሚያ ቤቱ ሥራ በኋላ ባየው ጉም ውስጥ ነው። በዚያው 1902 መገባደጃ ላይ ፒትስበርግ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ባቡር ይጠብቃል። ብርድ ነው፣ ጉም ሸፍኖታል። ሌላው መንገደኛ ባቡሩ ዘገየ ብሎ ሲነጫነጭ እሱ ስለ ጉሙ ያሰላስል ነበር። ይህ አየር ውኃ እስከ አፍንጫው ጠጥቷል፤ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ የያዘው ውኃ መጠን ትንሽ ነው። እንግዲያው አየርን በቀዝቃዛ ውኃ ርጭት ውስጥ አሳልፌ ጉም ባደርገው፣ የርጩን ሙቀት በመወሰን ብቻ የፈለግሁትን ያህል እርጥበት ልተውለት እችላለሁ ብሎ አሰበ። አየርን በውኃ ማድረቅ! ሲሰሙት የሰካራም ወሬ ይመስላል፣ ግን ሠራ። በ1906 የፈጠራ መብቱን አገኘ፣ በ1911 ደግሞ የሙቀትና የእርጥበት ስሌቱን ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። መሐንዲሶች እስከ ዛሬ በዚያ መሠረት ላይ ነው የሚያሰሉት።

ወደ ሪሞቱ ስንመለስ፣ ቁጥሩ የሚያዘው ቴርሞስታቱን ነው። ቴርሞስታት የካሪየር ፈጠራ አይደለም፤ ዋረን ጆንሰን የተባለ የዊስኮንሲን መምህር የክፍሉን ሙቀት ለምድጃ ጠባቂው በኤሌክትሪክ የሚያሳውቅ መሣሪያ በ1883 አስመዝግቧል። ሥራው ያዘዙት ቁጥር ላይ ሲደርስ ማስቆም፣ ሲያልፍ ማስነሳት ነው። ስለዚህ በተለመደው ዓይነት ኤሲ 16 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፣ ኮምፕሬሰሩ እንዳያርፍ ብቻ ነው የሚያደርገው። በሩ ከተከፈተ ደግሞ የባሮ ወበቅ ገብቶ በብርዱ ክፍል ውስጥ ወደ ጤዛ ይጠጋል፣ ወረቀቱም ይጠጣዋል። የአውሮፕላኑ ጉም ማለት ነው፣ በዓይን ባይታይም። ፋኑ ሲፈጥን አየሩ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሳይቆይ ስለሚያልፍ ውኃውን በደንብ አይጥልም። የሚሻለው በሩን ዘግቶ 25 አካባቢ፣ ፋኑን ዝቅ አድርጎ፣ ወይም ሪሞቱ ላይ የውኃ ጠብታ ምልክት ያለበትን የማድረቂያ ቁልፍ መጫን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሲው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ቢል ተበላሽቷል ብሎ መደብደብም አያስፈልግም፤ ኮምፕሬሰሩን ለመጠበቅ ሆን ተብሎ የተሠራ መዘግየት ነው።

የካሪየር ኑሮ ከዚህ በኋላ የነጋዴ ኑሮ ነው፣ በፍጥነት ልለፈው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቡፋሎ ፎርጅ የማቀዝቀዣውን ክፍል ሲያጥፈው ካሪየር ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር 32,600 ዶላር አዋጥቶ በ1915 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1922 አዲስ ዓይነት ግዙፍ ማቀዝቀዣ አሳየ። በ1925 ደግሞ ኒውዮርክ ሪቮሊ ሲኒማ ውስጥ ተከለው። በዚያ ዘመን ሲኒማ ቤት በበጋ ባዶ ነበር። የመክፈቻው ዕለት ሕዝቡ ማራገቢያውን ይዞ ገባ፤ ማሽኑ ዘግይቶ ስለተነሳ ካሪየር ከኋላ ቆሞ በጭንቀት ያይ ነበር። ቀስ በቀስ አንዱ ማራገቡን ተወ፣ ሌላውም ተወ፣ በመጨረሻ ሁሉም እጁን አሳረፈ። በ1928 እና በ1929 የአሜሪካ ምክር ቤት ሁለቱ አዳራሾች ቀዘቀዙ። ያው 1929 የኢኮኖሚ ቀውሱ መጥቶ ኩባንያውን አንገዳገደው፤ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ነው የተረፈው፣ በ1937ም ወደ ሲራኪዩስ ከተማ ተዛወረ። ሰውየው ሐሳብ ውስጥ ሲገባ ሌላውን የሚረሳ እንደነበር ይነገራል፤ አንዴ መንገድ ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ መሐረብ ብቻ ከቶ ተገኘ ይባላል።

ካሪየር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 1950 በ73 ዓመቱ አረፈ። ኤሲ በአሜሪካ የተራው ሰው ቤት የገባው በብዛት ከሱ ሞት በኋላ ነው።

ለአጎቴ ይህን ሁሉ በስልክ አስረዳኋቸው። በሩን መዝጋት ደንበኛ ያርቃል ብለው ተከራከሩኝ፤ መብራት በሄደ ቁጥርም የኔ 25 እና የሳቸው 16 አንድ መሆኑን ነገሩኝ፣ ይህን መልስ አላገኘሁለትም። ቁጥሩን ግን 25 ላይ አድርገውታል፣ የበሩንም መጋረጃ አውርደዋል። ደስጣዎቹን ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ዘግተው ከሥር አንድ አምፖል እያበሩ ያስቀምጣሉ። አየር ሲሞቅ ውኃ የመያዝ አቅሙ ስለሚጨምር ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ያድራል፤ የካሪየርም ስሌት የሚለው ይህንኑ ነው። ከየት ሰሙ ብላቸው፣ ድሮ ጨው የሚነግድ ጎረቤታቸው እንዲህ ሲያደርግ አይተው እንደነበር ነገሩኝ።