የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ታሪክ

በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓ የተማረ ሰው በዚያ ዜማውና ምልክቱ ተመርምሮ ካልተመሰከረለት የድጓ መምህር አይባልም። መጽሐፍንም እንዲሁ መርምሮ መቀበል የሊቃውንት ልማድ ነው።

ከዚያው ከበጌምድር፣ በይፋግ፣ በ1853 ዓመተ ምሕረት የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ከዚህ ልማድ ጋራ የባሕር ማዶን ትምህርት አስተባብረው የያዙ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ምፅዋ ወርደው በእምኩሉ በነበረው በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የሚሲዮኑንም የሃይማኖት መጻሕፍት አነበቡ። ነገር ግን በዚህ ብቻ አልተወሰኑም፤ የባዕድን መጽሐፍ ለመመዘን የአባቶችን መጽሐፍ ማወቅ ይቀድማልና ግዕዝንና ቅኔን ተማሩ። በ1889 ዓመተ ምሕረትም መጽሐፈ ሰዋስው የተባለውን ድርሰታቸውን በእምኩሉ አሳተሙ።

በ1897 ዓመተ ምሕረት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ወደ በርሊን ሄደው አማርኛ አስተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ስለ ሃይማኖት ነገር ተከሰሱ፤ እስራትም አገኛቸው። እንዲህም ሆኖ ብዕራቸውን አልጣሉም፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓመተ ምሕረት በአስመራ ታተመ። በ1916 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በትምህርታቸው የተስማማም ያልተስማማም ሰው ከሕይወታቸው አንድ ነገር ይማራል። መጽሐፍን ሳያነብ የሚነቅፍ፣ ሳይመረምርም የሚቀበል፣ ሁለቱም ምስክር ቤት ሳይደርሱ መምህር ነን እንደሚሉ ናቸው።