ራጅን ወደ ጦር ግንባር ያደረሱት ማሪ ኩሪ

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲቀሰቀስ ማሪ ኩሪ በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 ደግሞ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ዝነኛ ሳይንቲስት ነበሩ። በጦርነቱ ዓመታት ለቁስለኞች ያበረከቱት አገልግሎት ግን ከራዲየም ግኝታቸው ጋር ሲነጻጸር እምብዛም አይወሳም።

ማሪ እ.ኤ.አ. በ1867 በሩሲያ አገዛዝ ሥር በነበረችው ዋርሶ ከመምህራን ቤተሰብ ተወለዱ። በትውልድ ከተማቸው ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ዝግ በመሆኑ በ1891 ወደ ፓሪስ አቅንተው በሶርቦን ፊዚክስና ሒሳብ ተምረዋል።

የራጅ ጨረር በጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን የተገኘው በ1895 ሲሆን፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ወቅት መሣሪያው በፈረንሳይ በአብዛኛው የሚገኘው በትላልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ነበር። በግንባር የነበሩ ሐኪሞች በቁስለኛው ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይትና የቦምብ ፍንጣሪ የሚፈልጉት በግምት ነበር። ጨረሩ ሥጋን አልፎ በአጥንትና በብረት ስለሚታገድ፣ አንድ ምስል ብቻ የፍንጣሪውን ቦታና የአጥንቱን ስብራት ለይቶ ማሳየት ይችል ነበር።

ማሪ ኩሪ ቁስለኛውን ወደ መሣሪያው ከማጓጓዝ ይልቅ መሣሪያውን ወደ ቁስለኛው ማድረስ እንደሚሻል ተገነዘቡ። ከበጎ አድራጊዎች ገንዘብና ተሽከርካሪ አሰባስበው በመኪኖቹ ላይ የራጅ መሣሪያና በሞተሩ የሚሠራ ዳይናሞ አስገጠሙ። እርሳቸውም መኪና መንዳትና የሰውነት አካላት ትምህርትን ተምረው ከልጃቸው ከኢሬን ጋር ወደ ግንባር ዘለቁ። ኢሬን በወቅቱ የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ።

በዚህ ጥረት 20 ያህል ተንቀሳቃሽ መኪኖችና 200 ያህል ቋሚ የራጅ ክፍሎች ለአገልግሎት በቅተዋል። ሆኖም መሣሪያው ያለ ባለሙያ ከንቱ መሆኑን የተረዱት ማሪ ኩሪ፣ ከ1916 ጀምሮ 150 ያህል ሴቶችን በራጅ ባለሙያነት አሠልጥነዋል። በጦርነቱ ወቅት በራጅ የተመረመሩት ቁስለኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል።

አገልግሎቱ ዋጋ ሳያስከፍል አልቀረም። በዚያን ጊዜ ባለሙያዎች ከጨረር የሚጠበቁበት መንገድ እጅግ ውስን ነበር። ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1934 በ66 ዓመታቸው ያረፉት መቅኒ በቂ ደም ማምረት በሚሳነው ሕመም ሲሆን፣ ሕመሙም ለዓመታት ለጨረር ከመጋለጣቸው ጋር ይያያዛል። ዛሬ የራጅ ባለሙያዎች በእርሳስ በተሠራ መከላከያ የሚጠቀሙትና የተጋለጡበት የጨረር መጠን የሚለካው ከእንዲህ ዓይነቱ መሥዋዕትነት በተገኘ ትምህርት ነው።

አጽማቸው በ1995 የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ፓንተዮን ተዛውሯል። የሕይወት ታሪካቸው የሚያስገነዝበው አንድ ግኝት የሰው ሕይወት የሚታደገው፣ ከቤተ ሙከራና ከከተማ ወጥቶ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ችግረኛው ካለበት ሲደርስ መሆኑን ነው።