ግራ እጁን ቃታ መሳብ ያስተማረው ሃምሳ አለቃ

በሽጉጥ ተኩስ ውድድር ዓይን ያነጣጠረውን ጣት ያበላሸዋል። ኢላማው ላይ በትክክል የተነጣጠረ ሽጉጥ፣ ቃታው በሚሳብበት ቅጽበት ትንሽ ከተዛነፈ ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፋል። ተወዳዳሪዎች የሽጉጣቸውን ቃታ እንደ ሰዓት የሚያስተካክሉት፣ ጣታቸውንም ለዓመታት የሚያለማምዱት ለዚህ ነው። ሃንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች ግን እንዲህ ያሠለጠነው ቀኝ እጁ በአንድ ቀን ከጥቅም ውጪ ሆነበት። ከአሥር ዓመት በኋላ በግራ እጁ ተኩሶ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ።

ታካች የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ሁሉም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጃንዋሪ 21 ቀን 1910 በቡዳፔስት ነው። በአገሩ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሲያገለግል በሽጉጥ ተኩስ ስሙ እየገነነ መጣ። ይሁን እንጂ ለ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ቡድን ሲመረጥ ደጁ ተዘጋበት። ምክንያቱ ችሎታው አልነበረም። በወቅቱ የሃንጋሪን ቡድን መቀላቀል የሚችሉት መኮንኖች ብቻ ሲሆኑ እርሱ ደግሞ ሃምሳ አለቃ ነበር። ከበርሊን በኋላ ክልከላው በመነሳቱ ታካች ዓይኑን በ1940 ቶኪዮ ላይ ሊካሄድ በታሰበው ኦሊምፒክ ላይ ጣለ።

በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ እንዳለ ጉድለት ያለበት የእጅ ቦምብ በቀኝ እጁ ላይ ፈነዳ። ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። አንድ ወር ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ።

ነገሩ ሽጉጡን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንደ ማዛወር ቀላል አልነበረም። የውድድር ሽጉጥ እጀታ ለቀኝ ወይም ለግራ መዳፍ ተለክቶ የሚቀረጽ ነው። ቃታውም ከጣት ርዝመት ጋር መገጣጠም አለበት። የጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ለስላሳ ክፍል ቃታው ላይ ማረፍ፣ አሳሳቡም ቀጥታ ወደ ኋላ መሆን ይገባዋል። ጣቱ ከልክ በላይ ገብቶ ወይም ጫፉ ብቻ ነክቶ ከሳበ አፈሙዙን ወደ ጎን ይገፋዋል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ በ22 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁበት ሽጉጥ ላይ፣ የፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ጥይቱ በ25 ሜትር ርቀት 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል።

በዘመናዊ የውድድር ሽጉጦች ላይ ይህን ሁሉ የሚያስተካክሉ ትናንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ ቃታው ተቃውሞ እስኪያገኝ ድረስ የሚሄደውን ባዶ ጉዞ ያሳጥራል። ሌላው የክብደቱን መጠን ይወስናል። ሦስተኛው ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ቃታው ወደ ኋላ እንዳይወረወርና እጅን እንዳያናውጥ ያግደዋል። ቃታው ከልክ በላይ ከላላ ተኳሹ ሳያስበው ያመልጠዋል፤ ከጠነከረም ሽጉጡን ያዛንፈዋል። ታካች በተወዳደረበት የፈጣን ተኩስ ዓይነት ከ2005 ወዲህ ዝቅተኛው የቃታ ክብደት 1000 ግራም ሲሆን፣ ዳኞች አፈሙዙን ወደ ላይ አቁመው ክብደት ቃታው ላይ በማንጠልጠል ይፈትሹታል።

ብሎን በደቂቃዎች ይዞራል። ጣት ግን ወራት ይጠይቃል። በፈጣን ተኩስ ተወዳዳሪው በ25 ሜትር ርቀት ላይ በተደረደሩ አምስት ኢላማዎች ላይ አንድ አንድ ጥይት ይተኩሳል። ጊዜው መጀመሪያ 8፣ ቀጥሎ 6፣ በመጨረሻም 4 ሴኮንድ ብቻ ነው። በ4 ሴኮንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ቃታ የሚስብ ሰው ስለ ጣቱ ለማሰብ ፋታ የለውም። ጣቱ ራሱ ሥራውን ማወቅ አለበት። የታካች ግራ ጣት ይህንን የተማረው ከዜሮ ተነስቶ ነው።

በ1939 የጸደይ ወራት በአገር አቀፉ ሻምፒዮና ሜዳ ሲታይ፣ የቀድሞ ተፎካካሪዎቹ ሊያበረታታቸው የመጣ መስሏቸው እንደነበር ይነገራል። እርሱ ግን የመጣው ሊወዳደር ነበር፤ አሸነፋቸውም። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን በሆነው የሃንጋሪ ቡድን ውስጥ ነበር። ዳሩ ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የ1940ንም የ1944ንም ኦሊምፒክ አስቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር።

በ1948 ለንደን ላይ ሲቀርብ 38 ዓመቱ ነበር። የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን አርጀንቲናዊው ካርሎስ ኤንሪኬ ዲያዝ ሳኤንዝ ቫሊየንቴ፣ ለምን እንደመጣ ሲጠይቀው ለመማር መምጣቱን እንደነገረው ይተረካል። ውድድሩ ሲያበቃ ታካች ከ600 ነጥብ 580 አግኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለተኛ የወጣው አርጀንቲናዊውም በቂ ትምህርት እንደቀሰመ አምኖለታል ይባላል።

ከአራት ዓመት በኋላ በሄልሲንኪ በ579 ነጥብ ወርቁን በድጋሚ ወሰደ። በዚህ የውድድር ዓይነት ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በአንድ ነጥብ ብቻ ተበልጦ ብር ያጠለቀው ሲላርድ ኩን ደግሞ ራሱ ታካች ያሠለጠነው የአገሩ ልጅ ነበር። ታካች በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክም ተወዳድሮ ስምንተኛ ወጥቷል።

በሃምሳ አለቃነቱ ከኦሊምፒክ የተከለከለው ሰው በሠራዊቱ እስከ ሌተና ኮሎኔልነት ደረሰ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1976፣ 66ኛ ዓመቱን ሊደፍን 16 ቀናት ሲቀሩት አረፈ። ዛሬም ወጣት ተኳሾች የቃታ ብሎን ሲያዞሩ፣ አሠልጣኞች መልሰው ወደ ጣታቸው ያመጧቸዋል። ለዚህም ከታካች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።