ሲሞን ደ ቦቯር ከሄግል ጋር

ሲሞን ደ ቦቯር ስትነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ካልሆነም የዣን ፖል ሳርትር ወዳጅነቷ። እኔ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከሄግል ጋር ስለገጠመችው ሙግት ነው።

ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1908 ፓሪስ ተወለደች። ቤተሰቧ ከስሮ ለሴት ልጅ መዳሪያ የሚሆን ገንዘብ ስላጣ ተምራ ራሷን መቻል ግድ ሆነባት። በ1929፣ ገና በ21 ዓመቷ፣ የፍልስፍና መምህራን የሚመረጡበትን ከባድ ብሔራዊ ፈተና ሁለተኛ ሆና አለፈች። አንደኛው ሳርትር ነበር። (ሳርትር ግን የቀደመው ዓመት ወድቆ ነው የደገመው፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም!) ከዚያ በማርሴይ፣ በሩዋን፣ በኋላም በፓሪስ አስተማረች።

ጁን 14 ቀን 1940 የጀርመን ጦር ፓሪስ ገባ። ሳርትር በዚያው ወር ተማረከ። ሲሞን ደግሞ በጁላይ ከሰዓት በኋላ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እየሄደች ሄግልን ማንበብ ያዘች። ከተማዋን ጀርመኖች ይዘዋት እሷ የጀርመን ፍልስፍና ታነባለች! ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው ሄግል «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ»ን የጨረሰው በ1806 የናፖሊዮን ጦር ዬናን ሲይዝ መሆኑ ነው። ያኔ ወራሪዋ ፈረንሳይ ነበረች።

ለሄግል ታሪክ አንድ ረጅም ጉዞ ነው። ጦርነቱም፣ ሽንፈቱም፣ የእያንዳንዱ ሰው ሞትም ወደ ሙሉው እውነት የሚያደርሱ እርምጃዎች ናቸው። እንዲህ ሲታይ የአንድ ሰው ሐዘን ኢምንት ነው። ሲሞንም መጀመሪያ የተጽናናችው በዚሁ ነበር።

ችግሩ ከንባብ አዳራሹ ስትወጣ ነው። መንገዱ ላይ የጠላት ወታደር አለ፤ ወዳጇ በምርኮ ነው። ሞቱ ታሪክን ጠቅሟል ቢባል ለሟቹ ምን ይረባዋል? በ1947 በወጣው የሥነ ምግባር መጽሐፏ ያን ክረምት መልሳ አነሳችው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያረጋጋ ፍልስፍና ውጭ ለሚኖር ሰው አልሠራም ስትል ተወችው።

ሙሉ በሙሉ ግን አልጣለችውም። በ1949 «ሁለተኛው ጾታ»ን ስትጽፍ የጌታና የባሪያ ሐሳቡን አስቀረች። በሄግል አባባል ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እያንዳንዱ ሌላው እንዲያውቅለት ይፈልጋል፤ ለዚህም ይታገላሉ፤ ሞትን የፈራው ባሪያ ይሆናል። ሴትስ? ወንዱ ራሱን ዋና፣ እሷን «ሌላ» አድርጎ ሲያስቀምጥ ትግሉ የታለ? ሠራተኞች ተሰባስበው «እኛ» ይላሉ፤ ሴቶች ግን በየአባታቸውና በየባላቸው ቤት ተበታትነው ስለሚኖሩ «እኛ» ማለት ይቸግራቸዋል አለች። ሄግል ራሱ የሴትን ቦታ ቤተሰብ ውስጥ ነው የወሰነው። በገዛ መሣሪያው እሱ ያላየውን አየችበት፤ ለእኔ የሲሞን ትልቁ ሥራ ይሄ ነው።

ቫቲካን መጽሐፉን በ1956 ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ሲሞን ኤፕሪል 14 ቀን 1986 አረፈች፤ ሞንፓርናስ መካነ መቃብር ከሳርትር ጎን ተቀበረች።