ሁሊዮ ጎንዛሌዝ፤ ከአንጥረኛነት እስከ ቀራፂነት

ከሃያኛው ምዕተ ዓመት በፊት በአውሮፓ የብረታ ብረት ቅርጻ ቅርጽ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው የነሐስ ሥራ ነበር። ቀራፂው አምሳያውን በጭቃ ወይም በጄሶ ያበጃል፤ ነሐስ አቅላጩም ቅርጹን ያወጣል። ተራው ብረት ግን ለአጥር፣ ለመዝጊያና ለድልድይ እንጂ ለኪነ ጥበብ የተገባ ሆኖ አይታይም ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከለወጡት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ስፔናዊው ሁሊዮ ጎንዛሌዝ ነው።

ጎንዛሌዝ እ.ኤ.አ. በ1876 በባርሴሎና ከተማ ተወለደ። አባቱ የወርቅና የብረት አንጥረኛ ስለ ነበር እርሱና ታላቅ ወንድሙ ዡዋን ሙያውን በልጅነታቸው ተማሩ፤ ማታ ማታም የሥዕል ትምህርት ይከታተሉ ነበር። በ1900 ገደማ ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ተዛወረ። የጎንዛሌዝ ምኞት ሠዓሊ መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በ1908 ዡዋን በሞት ሲለየው ኀዘኑ ስለ በረታበት ከወዳጆቹ ራቀ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጌጣጌጥና የብረት ዕቃ እየሠራ ኑሮውን ይገፋ ነበር።

በ1918 በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የሬኖ አውቶሞቢል ፋብሪካ በሠራበት ጊዜ የጋዝ ብየዳ ተማረ። ኦክሲጅንና አሲቲሊን ተቀላቅለው ሲነዱ የሚሰጡት ነበልባል ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሞቅ የሁለት ብረቶችን ጠርዝ አቅልጦ አንድ ያደርጋል። ስለሆነም አንድ ቀጭን ዘንግ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተይዞ በአየር ላይ ሊቆም ይችላል። ለእንጀራ ሲል የተማረው ይህ ሙያ ለኪነ ጥበብ ሥራው እስኪውል ድረስ ግን አሥር ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት።

በ1928 የረጅም ጊዜ ወዳጁ ፓብሎ ፒካሶ የብረት ቅርጻ ቅርጽ ለመሥራት ስለ ፈለገ በሙያው እንዲረዳው ጠየቀው፤ ሁለቱ እስከ 1932 ድረስ አብረው ሠሩ። ጎንዛሌዝ ለፒካሶ ብየዳውን ሰጠ፤ በምላሹም ከልማድ የመውጣትን ድፍረት አገኘ። ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ከዘንግና ከላሜራ የሰውን ራስ፣ ጠጉርና አቋም በጥቂት መስመሮች ብቻ የሚያመለክቱ ረቂቅ ሥራዎችን አከታትሎ አወጣ። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ በብረቶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንደ ብረቱ ሁሉ የቅርጹ አካል ነው።

የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በተፋፋመበት በ1937 ግን ሁሉም ሰው ሊረዳው የሚችል ሥራ አቀረበ። ይኸውም በአንድ ክንዷ ሕፃን ያቀፈች፣ በሌላው እጇ ማጭድ የያዘች የገበሬ ሴት ናት። ላ ሞንሴራት የተባለችው ይህች የላሜራ ቅርጽ የፒካሶ ጌርኒካ በታየበት በፓሪሱ የስፔን አዳራሽ ቆመች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የብየዳ ጋዝ እጥረት ሆነ። ቀራፂው ነበልባሉን አጥቶ በጄሶና በወረቀት ብቻ ለመሥራት ተገደደ። የሞንሴራትን የሰቆቃ ጩኸት የሚያሳየውን ራስ ያበጀው በዚህ ወቅት ነው። መጋቢት 1942 በአርኬይ በተወለደ በ65 ዓመቱ አረፈ።

በብረት የሠራበት የቀራፂነት ዘመኑ ከአሥራ ጥቂት ዓመታት አይበልጥም። ነገር ግን ገና በሕይወት ሳለ የሥራዎቹን ፎቶግራፎች የተመለከተው አሜሪካዊው ዴቪድ ስሚዝ፣ እርሱም የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ፣ በ1933 ብረት በመበየድ ቅርጽ መሥራት ጀመረ። በፋብሪካ የተገኘው ሙያ በዚህ ዓይነት ከአንዱ ሠራተኛ እጅ ወደ ሌላው ተሻግሮ የዘመናዊ ቅርጻ ቅርጽ ዐቢይ ስልት ለመሆን በቃ።