አቡ ሩሚ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሽማግሌ

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የሚያነብ አይጠፋም። ታዲያ ማታ ማታ ክርክር ይነሣል። አንዱ ይኼ ቃል ከግዕዙ ይለያል ይላል፤ ሌላው ደግሞ የትርጉም ትርጉም ከሆነ ምኑ ይታመናል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ዘንድሮ ሥራውን በሙሉ የጀመሩትንና የፈጸሙትን ሰው ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስማቸው አብርሃም ነው፤ በውጭ አገር መጻሕፍት የሚታወቁት ግን አቡ ሩሚ ተብለው ነው። በ1750 ገደማ በጎጃም ተወለዱ። እግራቸው አንድ ቦታ የሚረጋ ሰው አልነበሩም፤ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ አርመንን፣ ፋርስን አልፈው እስከ ሕንድ መዝለቃቸው ተጽፎላቸዋል። ያን ጊዜ መኪና የለ፣ አውሮፕላን የለ! በስተርጅና ካይሮ ሲደርሱ ክፉኛ ታመሙ። በዚያ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስሊን ደ ሸርቪል አስታመማቸው። ከዳኑ በኋላ ሁለቱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመመለሱን ሥራ ጀመሩ።

አሠራራቸው ነው ደስ የሚለው። ለዐሥር ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ የአስሊን በር ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል። ከዐረብኛው አንድ ቁጥር ቀስ ብለው ያነባሉ። ቃሉ ግልጽ ከሆነ አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፉታል፤ ከከበደ ወይም ሁለት መንገድ ከያዘ ግን ብዕሩ ይቆማል። አስሊን ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የሰብዓ ሊቃናቱን የግሪክ ትርጉም ይገልጥና ያስረዳቸዋል። እንግዲህ ከዐረብኛ የተመለሰ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት እኛ ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል።

የቃል ነገር እንዲህ ጣጣ አለው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ለኒቆዲሞስ ሲናገር፣ በግሪኩ ለነፋስም ለመንፈስም የገባው ቃል አንድ ነው። ተርጓሚው አንዱን መምረጥ አለበት። ደግነቱ በአማርኛ ነፋስና መንፈስ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ ጆሮ ዝምድናውን ይሰማዋል። በብዙ ቋንቋ ይኼ ዕድል የለም። የአንድምታ መምህራኖቻችንም አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ የሚያብራሩት ያለ ነገር አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈው ገጽ 9,539 ሆነ። ምን አለፋችሁ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ካይሮ ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን በ1819 ገደማ በወረርሽኝ ሞቱ። ዘመድ በሌለበት አገር መሞት ምን እንደሆነ እድርተኛ ይገባዋል። ከደከሙበትም አንዲት ቅጠል እንኳ ታትማ አላዩም።

በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት እያረመው አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ሳሙኤል ጎባት የሚባለው ሚስዮናዊም ወንጌላቱን ይዞ አገራችን ገባ። እንከን አልነበረበትም አንልም። ለዚህም ነው ኋላ ክራፕፍ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር ሆኖ ያረመው። መታረሙን አንዳንዱ እንደ ውርደት ያየዋል፤ እኛ ግን ሳይታረም የሚኖረውን ነው የምንፈራው።

በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው ትርጉም ደግሞ ከዕብራይስጡና ከግሪኩ የተመለሰ ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ቃል ሲያስቸግራቸው ብቻ ይገልጡት የነበረውን ዕብራይስጥ፣ የ1954ቱ ሊቃውንት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ፊታቸው ዘረጉት።